«ወደ እኔ ኑ» ብሎ የለ? ሄድኩ፤ ግን አላረፍኩም

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው። የ36 ዓመት ሴት ነኝ። አንድ የግል ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሥራ ተቀጥሬ እሠራለሁ። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከእናቴ ጋር ነው።

እናቴን ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መታት። ቀኝ ጎኗ አይንቀሳቀስም፤ ንግግሯም ተይዟል። ቀን ቀን ተመላላሽ ሠራተኛ አለች። ማታ እኔ ስገባ እሷ ትወጣለች። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የእኔ ነው። አጥሚቱን ትን እንዳይላት በሻይ ማንኪያ ቀስ እያልኩ አጠጣታለሁ። ጀርባዋ እንዳይቆስል ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ ተነስቼ አገላብጣታለሁ። ዳይፐር እቀይራለሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ደግሞ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ።

ወንድሜ ዱባይ ነው። ብር ይልካል፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ግን በቪዲዮ በደወለ ቁጥር «እማዬ ከስታለች፣ ምን እያበላሽያት ነው?» ይለኛል። ታናሽ እህቴ እዚሁ አዲስ አበባ ናት። ባልና ሁለት ልጆች አሏት። በወር አንዴ እሑድ ብርቱካን ይዛ ትመጣና «አንቺ እኮ ጠንካራ ነሽ» ብላኝ ትሄዳለች።

ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ክርስቲያን ነኝ፤ ያደግኩት ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ድሮ ውዳሴ ማርያም ሳልደግም አልተኛም ነበር። አሁን መጽሐፉን ስከፍተው ፊደሉ ይደበላለቅብኛል። እሑድ ሠራተኛዋን ለምኜ ቅዳሴ ስሄድ፣ ግድግዳ ተደግፌ እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል። በቀደም አንዲት እናት ቀስቅሰውኝ «ልጄ፣ ሰይጣን ነው የሚያስተኛሽ» አሉኝ። የጽዋ ማኅበር ጓደኞቼ «ጸሎት ስለቀነስሽ ነው፤ በርቺ፣ ሱባኤ ያዢ» ይሉኛል። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ «እናንተ ደካሞች ሸክማችሁ የከበደ ሁሉ፣ ወደ እኔ ኑ፣ እኔም አሳርፋችኋለሁ» የሚል ካላንደር ተሰቅሏል። ሄድኩ እኮ! ሌላው ሰው ሄዶ፣ አልቅሶ፣ ቀለል ብሎት ይመለሳል። እኔ ከነሸክሜ እመለሳለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ለማንም አልተናገርኩም። አንድ ሌሊት ለሦስተኛ ጊዜ አንሶላ ስቀይር በሆዴ «ምነው ባለቀ» አልኩ። የገዛ እናቴን ሞት ተመኘሁ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሥጋ ወደሙ መቀበሉ ቀርቶ ቤተ ክርስቲያን መቆሙም ያሳፍረኛል። ለንስሐ አባቴ ልናገር እሄድና ሌላ ሌላውን አውርቼ እመለሳለሁ። እምነቴ ሞቷል? ወይስ እግዚአብሔር ፊቱን አዞረብኝ?

ደክሞኛል፣ ከአባዶ

*

እህቴ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን።

ከመጨረሻው ልጀምር። ደብዳቤውን ያስጻፈሽ እሱ ይመስለኛል።

«ምነው ባለቀ» አልሽ። ከዚያስ ምን አደረግሽ? አንሶላውን ቀየርሽ። እናትሽን አገላበጥሽ። ጠዋት ሥራ ገባሽ። ማታ ተመልሰሽ አጥሚቱን በሻይ ማንኪያ አጠጣሽ። እስቲ ረጋ ብለሽ ራስሽን ጠይቂው፤ ያን ሌሊት እንዲያልቅ የፈለግሽው ምኑ ነበር? የእናትሽ ዕድሜ ነው? ወይስ ሥቃይዋ፣ የእንቅልፍ እጦቱ፣ ብቻሽን መሆንሽ? እኔ ከሩቅ ሆኜ እንዲህ ነው ብዬ አልፈርድልሽም። መልሱ አንቺ ጋ ነው። ግን አስታማሚዎች ልባቸውን ሲከፍቱ ብዙ ሰምቻለሁ፤ ይህችን ቃል በሆዳቸው ያላሉት ጥቂት ናቸው። አብዛኞቹ ልክ እንዳንቺ፣ እንዲህ ያልኩት በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነኝ ብለው ያስባሉ።

መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥም «በቃኝ» ያሉ ሰዎች አሉ፤ ደግሞ ተራ ሰዎች አይምሰሉሽ። ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 11ን ጊዜ ስታገኚ አንብቢው። ሕዝቡ ሥጋ አማረን ብሎ በየድንኳኑ ደጃፍ ሲያለቅስ ሙሴ ተንገሸገሸ። ይህን ሁሉ ሕዝብ እኔ ፀነስኩት? እኔ ወለድኩት? ብቻዬን ልሸከመው አልችልም፤ እንዲህስ ከምታደርገኝ ግደለኝ አለ። ለእግዚአብሔር ነው እንዲህ ያለው! የተሰጠውን መልስ ልብ በዪ። እምነትህ ደከመ አልተባለም። ሰባ ሽማግሌዎች ሰብስብ፣ ሸክሙን ከአንተ ጋር ይሸከማሉ ነው የተባለው። ለጸሎቱ የመጣለት መልስ ሰው ነበር።

ኤልያስንም እይ፤ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 ላይ ነው። ገና በቅርቡ ቀርሜሎስ ተራራ ላይ ጸልዮ እሳት ከሰማይ ያወረደ ነቢይ፣ ምድረ በዳ ገብቶ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። «ይበቃኛል፤ ነፍሴን ውሰድ» ብሎ ተኛ። መልአክ መጣ። ምን ይዞ? እንጎቻና ውኃ። ተነሥተህ ብላ አለው። በላ፣ ጠጣ፣ ደግሞ ተኛ። መልአኩ ተመልሶ መጥቶ እንደገና አበላው። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከብዙ ቀን በኋላ፣ ኮሬብ ተራራ ከደረሰ ወዲያ ነው። ምግብና እንቅልፍ ቀደሙ፤ ጥያቄው ቆየ።

ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንቅልፍ ስለወሰደሽ ብዙ አትጨነቂ። የቀሰቀሱሽን እናት አክብሪያቸው፤ በቅንነት ነው። እኔ ግን በሰይጣን ከማመካኘት ይልቅ ሌሊቱን መቁጠር ይቀለኛል። በየሁለት ሰዓቱ የምትነሳ ሴት ጸጥ ያለ ቦታና ዕጣን ስታገኝ ብትተኛ ምን ይገርማል? ጌታም እኮ ማዕበል መሐል፣ ጀልባ ላይ ትራስ ተንተርሶ ተኝቷል።

አሁን ወደ ካላንደሩ እንምጣ። ያን ቃል ብቻውን ግድግዳ ላይ ስናነበው የሆነ የአስማት ተስፋ ይመስለናል፤ ሄጄ ሳለቅስ ይነሣልኛል ብለን እንጠብቃለን። ቃሉ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 11 መዝጊያ ነው። ገጹን ብትገልጪ ወዲያው ምዕራፍ 12 ይመጣል። ደቀ መዛሙርቱ ተርበው በሰንበት እሸት ቀጠፉ፤ ፈሪሳውያን ከሰሷቸው። ጌታ ከተራቡት ጎን ቆመ። ቀጥሎ እጁ የሰለለችውን ሰው በዚያው በሰንበት ፈወሰ። «ወደ እኔ ኑ» ሲል ከፊቱ የነበሩት ሰዎች ችግራቸው የኑሮ ብቻ አልነበረም። ሃይማኖቱ ራሱ ሸክም ሆኖባቸው ነበር። በኋላም ምዕራፍ 23 ላይ ከባድ ሸክም አስረው በሰው ትከሻ ስለሚጭኑ፣ እነሱ ግን በጣታቸው እንኳ ስለማይነኩት ሰዎች አምርሮ ይናገራል።

ጓደኞችሽ ፈሪሳውያን ናቸው እያልኩ አይደለም፤ አደራ እንዳታጣዪኝ! ይወዱሻል። ግን «ሱባኤ ያዢ» ካሉሽ ውስጥ አንዷ እንኳ «እኔ እናትሽ ጋ እቀመጣለሁ፤ አንቺ ሂጂ» ብላሽ ታውቃለች? ካላለች ምክሩ ጣት ያልነካው ሸክም ሆኖብሻል። አሁን ባለሽበት ሁኔታ ሱባኤ መግባት አለብኝ ብለሽ አትጨናነቂ። ጾሙንም፣ ስግደቱንም፣ ጸሎቱንም በአቅምሽ ልክ የሚመጥንልሽ ንስሐ አባትሽ ነው። የንስሐ አባት ያስፈለገው ለዚህም ጭምር ነው።

እስከዚያው ጸሎትሽን አሳንሺው። ተዪው ማለቴ አይደለም። ሌሊት ለማገላበጥ ስትነሺ እጅሽን ትከሻዋ ላይ አድርገሽ «አቤቱ፣ ማረን» በዪ። በቃ። ቤተ ክርስቲያን ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት አንዱን መንፈቀ ሌሊት ያደረገች ናት። በየገዳሙ መነኮሳቱ በዚያ ሰዓት ለጸሎት ሲነሡ አንቺም ነቅተሻል። «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» ያለው ጌታ ደግሞ ያን አንሶላ የማያይ ይመስልሻል? ውዳሴ ማርያሙን ማንበብ ካቃተሽ በስልክሽ ክፈቺውና እናትሽ ራስጌ አስቀምጪው። የዕለቱን ውዳሴ ሁለታችሁም ትሰማላችሁ። አንደበቷ ቢያዝም ጆሮዋ አልተያዘም። ምናልባት ከንፈሯ አብሮ ሲንቀሳቀስ ታዪ ይሆናል።

መናደድ ሲመጣብሽስ? እግዚአብሔርን መናደድ አለ፤ አንቺ በደብዳቤሽ አልጻፍሽውም፣ ግን «ሄድኩ እኮ!» ስትዪ ሰማሁት። ለዚያ ዳዊት ላይ 87ኛውን መዝሙር ፈልጊ (አንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ 88ኛው ነው)። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ምሬት ነው፤ የሚያልቀውም በጨለማ ነው። የተለመደው «ግን እግዚአብሔር ቸር ነው» የሚል መዝጊያ የለውም። አባቶቻችን ይህን መዝሙር ከዳዊት አላወጡትም፤ በየሳምንቱ ሲደግሙት ኖረዋል። አንቺም ስትመረሪ ብትደግሚው ከቤተ ክርስቲያን አልወጣሽም።

አሁን ደግሞ ሸክሙን የሚያካፍሉሽን እንፈልግ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እህትሽ «ጠንካራ ነሽ» ብላ እንደምትሄድ ጽፈሻል። አንቺ ምን እንደምትመልሺላት ግን አልጻፍሽም። ዝም ነው የምትዪው? ፈገግ ብለሽ ትሸኛታለሽ? እህትሽ ቤት የምትመጣው እሑድ ቀን ነው። እናትሽ ታጥባ፣ ቤቱ ተጠርጎ፣ ቡና ተፈልቶ ነው የምታገኛችሁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ያለውን ቤት አይታው አታውቅም። እውነት አታውቅም ይሆናል፤ ማወቅ አልፈለገችም ይሆናል። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ስትጠየቅ ነው።

ስትጠይቂያት «አግዢኝ» አትበያት። «አግዢኝ» ሲባል ሰው ብርቱካን ይጨምራል። ቀን ቆርጠሽ ንገሪያት። እንዲህ በያት፦ «ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ዓርብ ማታ ከ2 ሰዓት እስከ ቅዳሜ ጠዋት አንቺ እማዬ ጋ ታድሪያለሽ። እኔ ሌላ ክፍል እተኛለሁ። ልጆቹን አባታቸው ያሳድራቸው። ጠንካራ ስላልሆንኩ ነው፤ እየወደቅኩ ነው።» የመጀመሪያውን ዓርብ አብረሽያት ሁኚና እንዴት እንደምታገላብጥ፣ ትራሱን ከጉልበቷ መሐል እንዴት እንደምታደርግ አሳያት። ሁለተኛውን ዓርብ ግን በሩን ዘግተሽ ተኚ። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ሌላ ሰው እንደኔ አይዛትም ብለሽ ትሰጊያለሽ? ይገባኛል፤ ምናልባትም እውነትሽን ነው። እህትሽ ያገላበጠቻት ሌሊት አንሶላው ትንሽ ሊጨማደድ ይችላል። ቻዪው።

ወንድምሽ ጋ ያለው ነገር ትንሽ ይለያል። ብር እየላከ ነው፤ ይህ ቀላል አይደለም፣ እሱም በሰው አገር ከሚያገኘው ቀንሶ ነው። «ከስታለች» የሚለው ንግግሩ ግን ያደማል። እኔ እንደምጠረጥረው የሚናገረው ጸጸቱ ነው፤ ሩቅ ያለ ልጅ እናቱን በስክሪን ሲያይ ሌላ የሚይዘው ነገር የለውም። አትከራከሪው። በሚቀጥለው ጊዜ እራት ስታበያት ደውዪለትና ስልኩን ትራስ ላይ አስደግፈሽ እስክትጨርሺ ድረስ ይይ። አንድ ኩባያ አጥሚት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ይቁጠር። ከዚያ ሁለት ነገር ጠይቂው። አንደኛ፣ በሳምንት ሁለት ሌሊት የምታድር አስታማሚ ክፍያ። ሁለተኛ፣ የአየር ፍራሽ። ለአልጋ ቁስል መከላከያ ተብሎ የሚሸጥ በኤሌክትሪክ የሚነፋ ፍራሽ አለ። ፍራሹ ማገላበጡን አያስቀርም፤ ግን እናትሽን የሚከታተላትን ሐኪም ወይም ነርስ ቆዳዋን አይተው ሌሊት ላይ ሰዓቱን ማራዘም ይቻል እንደሆነ ጠይቂያቸው። ሁለት ሰዓቱ ሦስት ወይም አራት ቢሆንልሽ ለአንቺ ትልቅ ነገር ነው። ሐኪም ሳይል ግን ራስሽ አታራዝሚው።

የማኅበር ጓደኞችሽንም እንዲሁ ቀን ቆርጠሽ ጠይቂያቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል ሁሌ እንሰማለን፤ ሎሚውን የያዘው ሰው ግን «እንኩ» ማለት አለበት። በወር አንድ እሑድ አንዷ ቤትሽ ትምጣና አንቺ ከቅዳሴ እስክትመለሺ እናትሽ ጋ ትቀመጥ። ከተቻለም የሚቀጥለው ጽዋ አንቺ ቤት ይሁን፤ ዳቦውንና ጠላውን እነሱ ይዘው ይምጡ። እናትሽም ድምፅ ትሰማለች።

ንስሐ አባትሽን በተመለከተ። ሌላ ሌላውን አውርተሽ የምትመለሽው አፍሽ ስላልታዘዘልሽ ነው። እንግዲያው ጻፊው። ያቺን ቃል በትንሽ ወረቀት ላይ ጽፈሽ «አባቴ፣ ይህን መናገር አቅቶኝ ነው» ብለሽ ስጫቸው። ከዚህ የከበደ ብዙ ሰምተዋል። ቤት እንዲመጡልሽም ለምኛቸው። የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 የታመመ ሰው የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች ወደ እሱ ይጥራ ነው የሚለው። እናትሽን ተሸክሜ ጸበል አላደረስኳትም ብለሽ የምትጸጸቺ ከሆነ፣ ካህኑ ጸበሉን ይዘው ደጃችሁ ይመጣሉ። ያን ዕለት ለእናትሽ ብቻ ሳይሆን ለአንቺም ይጸልዩ፤ «ለእኔም» ብለሽ ጠይቂ፣ አትፈሪ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። ፊደል የሚደበላለቅብሽ በድካም ብቻ ላይሆን ይችላል። ሁለት ሦስት ሌሊት ሌላ ሰው አድሮልሽ እንኳ እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ድሮ ደስ ይልሽ የነበረው ሁሉ ከቀዘቀዘብሽ ሐኪም ጋ ሂጂ። አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ እሱ ከራቀሽ በአቅራቢያሽ ያለ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል እንዳለው ጠይቂ። «ምነው ባለቀ» የሚለው ሐሳብ ወደ ራስሽ ከዞረ፣ «ምነው እኔ በሞትኩ» ማለት ከጀመርሽ ደግሞ ነገ አትበዪ። በዚያው ሰዓት ለእህትሽ ደውዪና ይዛሽ ትሂድ። ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም። ሉቃስ ወንጌላዊውም ሐኪም ነበር።

እናትሽ ትነሣለች ብዬ ቃል ልገባልሽ አልችልም። ጌታ «አሳርፋችኋለሁ» ካለ በኋላ ወዲያው «ቀንበሬን ተሸከሙ» ማለቱንም አልደብቅሽም፤ ቀንበሩ ልዝብ ነው አለ እንጂ ቀንበር የለም አላለም። የአንቺ ዕረፍት አንድ እሑድ በእንባ በአንዴ ላይመጣ ይችላል። የዓርብ ሌሊት እንቅልፍ ሆኖ ይመጣ ይሆናል፤ ንስሐ አባትሽ ወረቀቷን አንብበው «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ሲሉሽ ይመጣ ይሆናል። እምነቴ ሞቷል ወይ ላልሽኝ፣ የሞተ እምነት እግዚአብሔር ፊቱን አዞረብኝ ብሎ ሌሊት ተቀምጦ አይጨነቅም ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉ በፊት ለእህትሽ ደውዪ። በጽሑፍ አትላኪላት፤ ድምፅሽን ትስማ። ማልቀስ ከመጣብሽም አታፍኚው። እሺም ብትልሽ እምቢም ብትልሽ ጻፊልኝ፤ እምቢ ካለች ከቤተ ዘመድ ማንን መላክ እንደሚሻል አብረን እናስባለን።